የሕፃናት የጥርስ አሰላለፍ ሕክምና

ቋሚ ጥርሶች በቅለው ሳያልቁ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት ዕድሜ የሚሰጥ የጥርስና የመንጋጋ ሕክምና። ብዙ ሰው ሁሉንም «ብሬስ» (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ይለዋል፤ ብሬሱ ግን በአብዛኛው የኋላ ጉዳይ ነው። በዚህ ዕድሜ ጠባብ ላንቃ ይሰፋል፤ ያለጊዜዋ በወለቀች የወተት ጥርስ ቦታ መጠበቂያ ይገባል። ክፍተቱ ከተተወ በ6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው መንጋጋ ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ የተተኪውን መንገድ ይዘጋል። «ትወልቅ የለ» ተብላ የምትናቀው የተቦረቦረች ጥርስ መዘዟ ይኸው ነው።

በአገራችን የከፋው ግን ግግ ማስወጣት ነው፦ ተቅማጥ ያመጣል ተብሎ የጨቅላው ድድ ሲፈለቀቅ፣ ከሥር ያለው የቋሚ ክራንቻ እንቡጥ ሊጎዳና ዓመታት ቆይቶ ጥርሱ ተዛብቶ ሊበቅል ይችላል። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች) ማኅበር የመጀመሪያው ምርመራ ከ7 ዓመት እንዳያልፍ ይመክራል፤ ምርመራ እንጂ ብሬስ አላለም።