በእጅ የሚነበብ ተራራ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ዓይነ ስውራን ተማሪዎቼ ጎበዞች ነበሩ። «ግጥም ይወዳሉ» እያልኩ እኮራ ነበር። አንድ ቀን አንዱን «ለምን ሥነ ጽሑፍ መረጥህ?» ብለው፣ «መምህር፣ እኔ መቼ መረጥኩ? የምወደው ኬሚስትሪ ነበር» አለኝ። ኩራቴ እዚያው ተነፈሰ።

እውነቱን ነው። በአገራችን ዓይነ ስውር ተማሪ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መመደቡ የቆየ ልማድ ነው። ሰበቡ ደግሞ «ሳይንስ በዓይን ነው» የሚል ነው።

እስቲ በየካ ኮረብቶች አድርገን ወደ እንጦጦ እንውጣ። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የከዋክብት መመልከቻ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጧል። እሱስ ለዓይን ነው ይባል። ባሕር ዛፉስ? የዳግማዊ ምኒልክ ከተማ የአካባቢዋን ጫካ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስትጨርስ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። የለጋው ቅጠል ክብ ቢጤና ከቅርንጫፉ የተጣበቀ፣ የትልቁ ረጅምና እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው፤ ጣት ይለየዋል። አሸት ሲያደርጉት ኬሚስትሪው ራሱ አፍንጫ ድረስ ይመጣል። የጽዱ ሽታና ልጥ ደግሞ ሌላ ነው።

ታዲያ ክፍሉ ለትምህርት ጉብኝት ሲወጣ ያ ልጅ ለምን ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል? መስማት የተሳነውስ፣ ቀስ ብሎ የሚገባውስ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ አለ፤ ተራራውም አለ። የቀረው እጅ ለእጅ ተያይዞ መውጣት ነው።