ዋልካ
ዋልካ ሲባል ክረምት ላይ ጫማ የሚነጥቀው ጥቁር ጭቃ ትዝ ይለናል። ገበሬው ጤፍና ሽምብራ ያመርትበታል፤ ስለዚህ «መጥፎ አፈር» መባሉን አልወድም። ችግሩ ቤት ሲሠራበት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ግድግዳና ወለል ይተረተራል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ አካባቢ በብዛት ይገኛል።

የተለመደው መላ ዋልካውን ጠርጎ አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በተመረጠ አፈር መሙላት ነው። ሰሌክቱ ታዲያ በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተርከፈከፈበት በሮለር ይጠቀጠቃል። አብዝተው ከደፉት ላዩ ብቻ ይጠብቃል፣ ሥሩ ልል ሆኖ ይቀራል። ለመንገድ ሲሆን ዋልካውን ከኖራ ጋር መቀላቀልም ይቻላል፤ ያን ጊዜ የማበጥ ጠባዩ ይቀንሳል።