ፍሬው ሲጎድል

ከጂማ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚወስደው መንገድ ቦንጋን አቋርጦ በጥንቱ የከፋ መንግሥት እምብርት ያልፋል። የከፋ ነገሥታት ዘውድ በወንድ ብልት አምሳል የተሠራ ባለሦስት ዘንግ ጌጥ ነበረው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማረኩ፤ ዘውዱም ከእጃቸው ወጣ። ወንድን በብልቱ መመዘን ግን ከከፋ በፊትም ነበር፣ ከከፋ በኋላም አልቀረም። ጠላቱን ሰልቦ ግዳይ የጣለ ጦረኛ በብዙ አገር ተፎክሮለታል።

የተሰለበውስ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው የካይሮ ጸሐፊ (አገራችንን በዓይኑ አላየም፣ ከሚያውቁ ሰዎች ሰምቶ ነው የጻፈው) የአምሐራው ንጉሥ መስለብን ቢከለክሉም ነጋዴዎች ባሪያዎቻቸውን ወሽሉ ወደምትባል ከተማ ወስደው ያሰልቡ እንደነበር ይነግረናል። ከዚያ ወደ ሐድያ ይነዷቸዋል፤ በመግል የተደፈነው የሽንት ቧንቧ እንደገና ተከፍቶ የሚታከሙት እዚያ ነው። በመንገድ የሚሞተው ብዙ ነበር። የተረፈው በውድ ይሸጣል።

ከእኛ ዘመን በሚቀርበው ታሪክ ደግሞ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አሉ። በልጅነታቸው በጦር ሜዳ ተሰልበው ምኒልክ ቤት ያደጉት፣ በዐድዋ በመድፍ ስማቸውን የተከሉት፣ በ1929 ዓ.ም. ሽማግሌ ሆነው ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የወደቁት አባ ነፍሶ። ወንድነታቸውን ማንም አልተጠራጠረም። ሆኖም ያ የልጅነት ጉዳት ዕድሜ ልክ አካላቸውን ምን አስከፈለው ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። ጀግንነቱን አወራን፣ ሕመሙን ዘለልነው።

ዛሬ ይኸው ጥያቄ ሐኪም ቤት ገብቷል። የቆለጥ ካንሰር የሽማግሌ በሽታ አይደለም፤ በአብዛኛው ከ15 እስከ 40 ዓመት ያለውን ወንድ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1974 የኢንዲያናው ሐኪም ላውረንስ አይንሆርን ከፕላቲነም የሚሠራውን ሲስፕላቲን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ፣ በሽታው ለተሰራጨበት ጆን ክሌላንድ ለተባለ ተማሪ ሰጠው። ተማሪው ዳነ። ሕክምናው በሚገባ በሚሰጥበት አገር ዛሬ ከመቶ ታማሚ ከዘጠና በላይ ይድናል። በሃያ አምስት ዓመቱ የዳነ ሰው እንግዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊኖር ነው። ታዲያ እንዴት ይኖራል?

ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አንድ ቆለጥ ነው። ጤነኛ ከሆነ የቀረው አንዱ ለፍትወትም ለልጅም ይበቃል፤ ከባልቻ ዕጣ ጋር የሚያገናኘው የለም። ግን አንዳንዱ ላይ ከዓመታት በኋላ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ይቀንሳል። ሰውየው ይደክመዋል፣ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ይከፋዋል፤ አጥንቱም ይሳሳል። ጠዋት በሚወሰድ የደም ምርመራ ይታወቃል፣ ሆርሞኑም ይተካል። ከሆድ በስተኋላ ያሉት ዕጢዎች በቀዶ ጥገና ሲወጡ ነርቭ ከተነካ ደግሞ እርካታው እያለ ዘሩ ወደ ውጭ አይፈስም። እዚያው ኢንዲያና ጆን ዶናሁ ነርቩን የሚያተርፍ አሠራር ያዳበረው ለዚህ ነው። ያልተነካውን አካል ፍርሃት ብቻውን የሚያሰንፈው ጊዜም አለ፤ ባልና ሚስት አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ይሰጣጣሉ፣ እሷ የጠላት ይመስላታል።

ዘርን በተመለከተ ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ምሳሌ ነው (በ2012 ድሎቹን የተነጠቀበት ቅሌት ሌላ ወግ ነው)። በ1996 ታመመ፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ዘሩን አስቀመጠ፤ ሦስት ልጆችም ከዚያ ተወለዱ። በ2009 የተወለደው ልጅ ግን ከተቀመጠው ዘር አልነበረም። አካሉ ራሱ አገግሞ ነበር።

ወደ ቡናው አገር እንመለስ። ቴፒ ወይም በበቃ ቡና የሚለቅም ወጣት ቆለጡ ላይ የማያም እብጠት ቢያገኝ ምን ይላል? ጆንያ በመሸከሜ ነው፣ ቡአ ነው ይላል። ስለማያመው ይተወዋል፤ ስለሚያፍር ለማንም አያሳይም። አዲስ አበባ ከሚዛን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። አሁን ጂማም አለ፤ ሚዛንም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አላት። መንገዱ አጥሯል። የቀረው ወጣቱ ከልብስ መለወጫው መጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ሱሪውን ሳይፈታ በፊት፣ ለሐኪሙ የሚናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው።