የ66 ሳንቲም ትርፍና የ24 ዘፈኖች ዕዳ

እ.ኤ.አ. በ1919 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአርካንሳስ ይሠራ የነበረ አንድ የባቡር ኩባንያ ያቀረበውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ኩባንያው ከአንዲት ተሳፋሪ ሕግ ከፈቀደው ታሪፍ በላይ 66 ሳንቲም በማስከፈሉ 75 ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር። ፍርድ ቤቱም በሕግ የተደነገገ ቅጣት ሕገ መንግሥቱን የሚጥሰው እጅግ ከባድና ጨቋኝ፣ ከጥፋቱም ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ሲሆን ብቻ ነው ሲል ወሰነ። ከ93 ዓመታት በኋላ ይኸው መመዘኛ ሙዚቃ በኢንተርኔት ያጋራች አንዲት የሚኒሶታ ነዋሪን ዕዳ ለማጽናት ዋለ።

የቅጂ መብት ሕግ የካሳን መጠን አስቀድሞ የሚወስንበት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የሥራው ባለቤት ሥራው ያለ ፈቃድ ሲባዛ ምን ያህል ገበያ እንዳጣ በማስረጃ ማሳየት ይቸግረዋል። ስለዚህም በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ያለ ፈቃድ ለታተመ እያንዳንዱ ሉህ 50 ሳንቲም ደንግጎ ነበር። ካሳው በየዘመኑ እያደገ በ1999 ማሻሻያ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ደረሰ። ሆኖም ሕጉ ቅጂ አባዝቶ ለሚቸረችር ነጋዴና ያለ ትርፍ ለሚያጋራ አድማጭ የተለያየ ጣሪያ አላበጀም።

የሙዚቃ ኩባንያዎች ከመስከረም 2003 እስከ 2008 መጨረሻ ከ30,000 በላይ ግለሰቦችን በዚሁ ሕግ ከሰሱ ወይም ለመክሰስ አስጠነቀቁ። አብዛኞቹ ጥቂት ሺህ ዶላር ከፍለው ተስማሙ። የሚኒሶታዋ ሴት ግን እምቢ አለች። ክሱ 24 ዘፈኖችን የሚመለከት ነበር። በ2007 የመጀመሪያው ጁሪ 222,000 ዶላር፣ በ2009 ሁለተኛው 1.92 ሚሊዮን፣ በ2010 ሦስተኛው 1.5 ሚሊዮን ፈረደባት። ዳኛ ማይክል ዴቪስ የኋለኞቹን ሁለቱን ወደ 54,000 ዶላር፣ ማለትም የሕጉን ዝቅተኛ መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ዝቅ አደረጉ። በ2012 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የባቡሩን ፍርድ ጠቅሶ 222,000ውን መለሰው፤ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

በአንድ ሕግና በአንድ ጥፋት ላይ የተቀመጡ ሦስት ጁሪዎች የሰጡት ፍርድ ከስምንት እጥፍ በላይ መራራቁ ብቻውን ሕጉ መለኪያ እንደጎደለው ያሳያል። ከባቡሩ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ ይጎላል። በዚያ ቅጣቱ የጉዳቱ 114 እጥፍ ገደማ ነበር፤ በዚህ አንድ ዘፈን በወቅቱ በኢንተርኔት ይሸጥበት በነበረው 99 ሳንቲም ቢተመን፣ ትንሹ ፍርድ እንኳ ከ9,000 እጥፍ ይበልጣል።

ኩባንያዎቹ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ዘፈን ስንቴ እንደሚገለበጥ ሊቆጠር አይችልም ብለው ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩ እውነትነት አለው። ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከርም በ1968 ባሳተመው ጥናት መነሻነት፣ ጥፋተኛው የሚያዘው አልፎ አልፎ ከሆነ ቅጣቱ በዚያው ልክ መክበድ አለበት ሊባል ይችላል። ከሺህ አንዱ ብቻ ይያዛል ብንል፣ ስሌቱ ለአንድ ዘፈን ወደ 1,000 ዶላር ይወስደናል። ይህ የሕጉን ወለል ይደግፋል፤ ጣሪያውን ግን አይደግፍም። ደግሞም ለደመወዝተኛ ሰው 222,000ም ሆነ 1.92 ሚሊዮን እኩል የማይከፈሉ ናቸው፤ ከአቅም በላይ የተጨመረው ዶላር ማንንም አብልጦ አያስፈራም። እንዲህ ያለው ስሌት የተያዘውን ሰው ያልተያዙትን ዕዳ ያሸክመዋል።

የጣሪያው ትክክለኛ ሥራ የታየው ከችሎት ውጭ ነው። በየዘፈኑ 150,000 ዶላር የተደቀነበት ሰው፣ ንጹሕ ነኝ ብሎ ቢያምን እንኳ፣ ጥቂት ሺህ ከፍሎ መገላገልን ይመርጣል። ስለዚህ ፍትሕ የጎደለው በፍርዱ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ሳይሰጥ በተዘጉት በሺዎች የሚቆጠሩ ጉዳዮችም ጭምር ነው።

መፍትሔው ግን ሩቅ አልነበረም። ካናዳ በ2012 ባሻሻለችው ሕግ ለንግድ ላልሆነ ጥሰት የሚከፈለው ካሳ፣ በአንድ ክስ ለተካተቱት ሥራዎች ሁሉ በጥቅሉ ከ100 እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር እንዲሆን ወሰነች፤ ለነጋዴው ግን በየሥራው እስከ 20,000 የሚደርሰውን አቆየች። ሙዚቀኛው ለድካሙ ዋጋ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ አጋሪውም በጥፋቱ መጠየቁ እንዲሁ። የአሜሪካ ሕግ ፍትሐዊ ያልሆነው በመቅጣቱ ሳይሆን፣ ለነጋዴው የተሰፋውን ቅጣት ለአድማጩ በማልበሱ ነው።