የፑድል ውሻ መግዣና ማኖሪያ

አንድን ንብረት መግዛትና ገዝቶ ማኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ሁለተኛው ግን ንብረቱ እስካለ ድረስ የሚከፈል ዕዳ ነው። እኛ መሐንዲሶች በመንገድና በሞተር ላይ ዘወትር የምንመለከተውን ይህን እውነት የፑድል ውሻ ታሪክም በግልጽ ያስረዳል።

ፑድል ዛሬ የሳሎን ጌጥ ቢመስልም ጥንት የሥራ ውሻ ነበር። ስሙ የመጣው በውኃ ውስጥ መንቦጫረቅን ከሚያመለክት የጀርመን ቃል ሲሆን፣ ፈረንሳውያን «ካኒሽ» የሚሉትም ከዳክዬ ስም አውጥተው ነው። ተግባሩ አዳኝ የመታውን ዳክዬ ዋኝቶ ማምጣት ነበርና፣ እንደሚነገረው፣ ጠጉሩ በውኃ ርሶ እንዳይከብደው የኋላ አካሉ ይሸለት፣ ደረቱና መገጣጠሚያዎቹ ግን ከብርድ እንዲጠበቁ ሳይሸለቱ ይተዉ ነበር።

ሥራው እየቀረ ጌጥነቱ ሲበረታ ወጪው አልቀረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስ ከተማ በሴን ወንዝ ዳር ውሻ በመሸለት የሚተዳደሩ ሰዎች ነበሩ። መንግሥትም ጉዳዩን አልዘነጋውም። እ.ኤ.አ. በ1855 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ በውሾች ላይ ከ1 እስከ 10 ፍራንክ የሚደርስ ዓመታዊ ግብር ጣለ። ለደስታና ለአደን የሚያዘው ውሻ ከፍተኛውን፣ ቤትና መንጋ የሚጠብቀው ወይም ዓይነ ስውር የሚመራው ዝቅተኛውን ይከፍል ነበር። ፑድል በዚያ ዘመን የዓይነ ስውራን መሪም ስለ ነበር፣ ያው አንድ ዘር እንደ ተግባሩ በሁለት ሒሳብ ተገመተ ማለት ነው።

ያ ግብር ዛሬ የለም፤ የተፈጥሮው ግብር ግን አለ። የፑድል ጠጉር እንደ ብዙዎቹ ውሾች አይረግፍም፤ ሳያቋርጥ ያድጋል። ሳይበጠርና ሳይሸለት ከቆየም ይቋጠራል፤ ቆዳውን ይጎትታል፤ ያቆስላልም። በየ6 ሳምንቱ ቢሸለት በዓመት 9 ጊዜ ያህል፣ 12 ዓመት ቢኖር ከ100 ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። መግዣው አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ መሸለቻው መቶ ጊዜ። ምግቡ፣ ክትባቱና ሕክምናው በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ይህን ሳያሰላ የገዛ ሰው አቅሙ ባነሰ ጊዜ ጉዳቱ የሚያርፈው በእንስሳው ላይ ነው።

በሙያችንም ነገሩ ከዚህ አይለይም። የጥገናውን ወጪ ከመግዣው ጋር አብሮ ያላሰላ ሰው ገዛ ይባል እንደ ሆነ እንጂ ባለቤት ሆነ ለማለት ያስቸግራል።