ወረቀት ያልነካው ሌሊት

ሒሳብ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከ1ና ከራሳቸው በቀር በሌላ ስለማይካፈሉት ስለ ብቸኛ ቁጥሮች በማስተምርበት ቀን፣ ከኋላ ወንበር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ ይሄ ምን ይሠራልናል?» ያኔ የክሊፎርድ ኮክስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ኮክስ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ኬምብሪጅ ሒሳብ ተምሮ፣ ቼልተንሃም በሚገኘው የእንግሊዝ የስለላ ተቋም ከተቀጠረ ገና ጥቂት ወራት አልሞላውም። ተቋሙ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሦስት ዓመት መልስ አጥቶ ከርሟል። ከጥንት ጀምሮ ሚስጥር የሚጻጻፉ ሰዎች አስቀድመው በአንድ ቁልፍ መስማማት ነበረባቸው፤ ቁልፉ በመንገድ ከተያዘ ሚስጥሩም አብሮ ይወጣል። የተቋሙ ባልደረባ ጄምስ ኤሊስ ቁልፍ ሳይላላኩ መጻጻፍ እንደሚቻል በ1970 አሳየ፤ የሚሠራበትን ስሌት ግን አላገኘም።

ኮክስ ይህን በሰማ ዕለት ማታ ማደሪያው ገብቶ አሰበበት። የቢሮ ሚስጥር ቤት ውስጥ መጻፍ ክልክል ስለነበር ወረቀት አልነካም፤ መልሱን በጭንቅላቱ ይዞ አደረ። መልሱ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ነው። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ ከብዜቱ ተነስቶ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን እጅግ አድካሚ ነው።

ይህ በሚስጥር ተቆልፎ ሳለ፣ በ1977 አሜሪካ ውስጥ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በራሳቸው መንገድ ደርሰውበት ለዓለም አሳወቁት። የእነሱን ዘዴ ሰሌዳ ላይ በትንሹ አሳያለሁ። 3ን በ11 አባዝቼ 33 እጽፋለሁ። ሚስጥራችን 4 ይሁን። 4×4×4 ስንል 64 ነው፤ ለ33 ሲካፈል 31 ይተርፋል። የምንልከው 31ን ነው። ተቀባዩ ሰባት 31ዎችን እርስ በርስ አባዝቶ ለ33 ሲያካፍል፣ ቀሪው 4 ሆኖ ያገኘዋል! 33ንና ሦስት ጊዜ መባዛቱን አገር ቢያውቀው ግድ የለም፤ የሚደበቀው 7 ነው። እሱን ለማግኘት 33 ከ3ና ከ11 መወለዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቀሪው ተመልሶ ሚስጥሩን ለመስጠቱ ዋስትናው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ኮምፒውተር ባልነበረበት ጊዜ ያረጋገጠው የቀሪ ሕግ ነው።

33ን ማንም ይፈታዋል። ሦስቱ ሰዎች በ1977 ለሕዝብ ያቀረቡት ባለ 129 አሃዝ ቁጥር ግን የተፈታው በ1994 ነው፤ ለዚያውም 600 ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው ለወራት ከደከሙ በኋላ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

የኮክስ ሥራ ይፋ የሆነው በታኅሣሥ 1997 ነው። ኤሊስ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ አርፏል።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ «ይሄ ምን ይሠራል?» ያለ ልጅ ካጋጠማችሁ «ለፈተና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ኮክስ ያን ሌሊት ያለ ወረቀት ያሰበው፣ የቁጥርን ትምህርት አስቀድሞ ጠንቅቆ ስለተማረ ነው።