በቀፊራ አዲስ የተወለደን ሕፃን ጡት ስለ ማስያዝና ስለ እንገር
ስለ ድሬዳዋ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከቦታው በመድረሱ ነው። ስለ ሐዲዱ፥ ስለ ጉምሩኩና ስለ ነጋዴዎቹ ብዙ ተብሏል። በመጋላ በኩል በቀፊራ ገበያ ዙሪያ የተወለዱት ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፉ ግን እንደ ታሪክ አይቆጠርም። ጡት ማስያዝ የሴቶች ሥራ ስለ ሆነ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በጽሑፍ ሳይሆን በቃልና በእጅ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው እንገር የሚባለው የመጀመሪያው ወተት ለምን ይጣል እንደ ነበረ ነው።

ቀፊራ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አማራው፥ ሐረሪውና ዐረቡ የሚገናኙበት ገበያ ነው። ቅቤና ወተት ከገጠር በሴቶች ይመጣል፤ ቴምር ከባሕር ማዶ በጅቡቲ በኩል ይገባል። ለአራሷ የሚያስፈልገው አብሽ፥ የገንፎ ዱቄትና ቅቤም ከዚሁ ይሸመታል። የሕፃኑም የመጀመሪያ ቅምሻ እንደ ወላጆቹ ይለያያል። ከደጋ በመጡት ዘንድ «ሆዱን ያለሰልስለታል» ተብሎ ለጋ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነበር። በሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ የላመ ቴምር በላንቃው ይቀባል፤ ይህም ተሕኒክ ይባላል። ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር ትክክል አይመስለኝም። ቴምሩ ላንቃን የሚነካ ምልክት ያህል ስለ ሆነ ጡትን የግድ አያዘገይም፤ ቅቤው ግን እንገሩ ታልቦ እስኪጣል ድረስ የጡት ምትክ ሆኖ የሚሰጥበት ጊዜ ነበር።

እንገር ወፍራምና ቢጫ ነው፤ መጠኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ «ወተቱ ገና አልወረደም» ይባላል። ልጁ በሌላ ነገር ሲጠግብ ጡት አይጠባም፤ ካልተጠባም ወተቱ ይዘገያል፤ ወተቱ ሲዘገይም የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ ይታያል። ልማዱ ለራሱ ምስክር ይሆናል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን የሕፃኑ ሆድ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑንና እንገርም በሽታን የሚከላከል ኃይል እንዳለው ለማያውቅ ሰው፥ ከዚህ ምስክር ማምለጥ ቀላል አልነበረም።

ይህም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሶራኑስ የተባለው ጥንታዊ የግሪክ ሐኪም እናቲቱ እስከ 20 ቀን ድረስ እንዳታጠባ ይመክር ነበር። በእንግሊዝም አገር ዊልያም ካዶጋን የተባለ ሐኪም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1748 ባሳተመው ጽሑፍ የተቃወመው፥ ሕፃን ገና እንደ ተወለደ ቅቤና ስኳር በአፉ መጨመርን ነው። የለንደንና የቀፊራ አያቶች ሳይተዋወቁ በቅቤ ተስማምተው ነበር!

ስለ እንገር የተሳሳቱት ሴቶች በእጅ ሥራቸው ግን አልተሳሳቱም። ልምድ ያላት ጎረቤት አራስ ቤት ስትገባ እናቲቱን ትራስ አስደግፋ ታስቀምጣለች፤ የልጁን ሆድ ከእናቱ ሆድ ታገናኛለች፤ የጡቱን ጫፍ ከንፈሩን ታስነካዋለች። አፉን በሰፊው እስኪከፍት ድረስ ትጠብቅና ልጁን ወደ ጡቱ ታቀርባለች እንጂ ጡቱን ወደ ልጁ አትጎትትም። ጫፉን ብቻ ይዞ እንደ ሆነ በትንሽ ጣቷ አስለቅቃ እንደ ገና ታስይዘዋለች። ያንቀላፋውንም የውስጥ እግሩን እየነካካች ታነቃዋለች። ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የስዊድን ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 እንዳስረዱት፥ በእናቱ ደረት ላይ የተተወ ሕፃን በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ራሱ ጡቱን ፈልጎ ያገኛል። የጎረቤቲቱ ትዕግሥትም ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነው።

በመላ አገሪቱ በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱት ሕፃናት ከመቶ 27 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 8 ወረዱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙትም ከመቶ 52 ወደ 73 ከፍ አሉ። ይህን ያህል የቆየ ልማድ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ መለወጡ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን በጤና ጣቢያ የወለደች እናት ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ወተቱ በደንብ ወርዶ ጡቷ የሚያጋተው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ሌሊት ልጁ ጡት አልይዝ ብሎ ሲያለቅስ ቶሎ የምትጠራው አሁንም ጎረቤቲቱ ናት።